በረዶ የሚመስለው የካራራ ፍርስራሽ

ከጄኖዋ ወደ ፒሳ በባቡር የሚጓዝ ሰው በስተግራው የአፑዋን ተራሮችን ያያል። በሐምሌ ሙቀት እንኳ ከላይ እስከ ታች ነጭ ናቸው። አዲስ መንገደኛ «በረዶ ነው» ይላል። በረዶ ግን አይደለም፤ ሰው ቆርጦ፣ መርጦ፣ የማይፈልገውን ቁልቁል የለቀቀው የእብነ በረድ ፍርስራሽ ነው። የአገሩ ሰው «ራቫኔቲ» ይለዋል።

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የካራራን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከሐውልቱ በኩል ነው፦ ማይክል አንጄሎ፣ ዳዊት፣ ፒዬታ። እኔ ደግሞ ከተጣለው በኩል ልንገራችሁ። ምክንያቱም ከተራራው ከሚወጣው ድንጋይ ደህና ብሎክ የሚሆነው በግምት ሩቡ ነው። ሦስት እጁ ፍርስራሽ ነው። ስለዚህ የካራራ ታሪክ በክብደት ከተለካ የፍርስራሽ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ካባውን በሰፊው መሥራት ጀመሩ። ድንጋዩ በሉኒ ወደብ በኩል ወደ ሮም ይጫን ነበር። በ113 የተመረቀው የትራያን ዓምድ የዚህ ተራራ ልጅ ነው። ባሪያዎችና እስረኞች በብሎኩ ዙሪያ በመሮ ቦይ ይፈለፍላሉ፤ ከዚያ ሽብልቅ ከትተው ይሰነጥቁታል። ሥራው ቀርፋፋና ጨካኝ ነበር። ግን በእጅ የሚፈለፈል ድንጋይ የሚሰበረው በተፈለገበት መስመር ነው፤ ፍርስራሹም የሚከማቸው በመሮ ፍጥነት ነው። ማይክል አንጄሎ በ1505 ለጳጳስ ዩልዮስ ዳግማዊ መቃብር ድንጋይ ሊመርጥ ሄዶ ከስምንት ወር በላይ እዚያ ሲቆይ ያየው አሠራርም ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው ባሩድ ሲመጣ ነው። የተራራው ጎን ተቦርቡሮ ባሩድ ይታጨቅና በአንድ ጊዜ ይናዳል። ብዙ ድንጋይ በአንድ ቀን ይወርዳል፤ የወረደው ግን አብዛኛው ተሰነጣጥቆ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይኼ ነው! ዛሬ ከባቡሩ መስኮት ከሚታየው ነጭ ነገር ብዙው የባሩድ ዘመን ውርስ ነው።

ደህናው ብሎክ ደግሞ መውረድ ነበረበት። ሠራተኞች በእንጨት ሸርተቴ ላይ አስረው፣ ከሥሩ ሳሙና የተቀባ ግንድ እያነጠፉ፣ በገመድ እየያዙ ቁልቁል ይለቁታል። «ሊዛቱራ» ይባላል። ገመድ ከተበጠሰ ፊት ለፊት የቆመው ሰው አለቀለት። ካባው ራሱም አይምርም ነበር፤ በ1911 በቤቶሊ ካባ ተራራው ተንዶ ዐሥር ሠራተኞችን በአንዴ ቀበረ። ስለዚህ የካባ ብክነት ሲነሳ ድንጋይና ውሃ ብቻ አትቁጠሩ፤ ሰውም አለበት።

ከ1876 እስከ 1890 የእብነ በረድ ባቡር ተሠራ። በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ደግሞ ትልቁ ፈጠራ መጣ፦ የተጠማዘዘ የብረት ሽቦ። ሽቦው በመቶዎች ሜትር እየተሽከረከረ፣ አሸዋና ውሃ እየተጨመረበት፣ ተራራውን እንደ ቅቤ ሳይሆን እንደ ትዕግሥተኛ ሰው ቀስ ብሎ ይቆርጠዋል። ፍንዳታው ቀነሰ፣ የተሰበረው ድንጋይም ቀነሰ። ዛሬ ሥነ ምኅዳራዊ ቅልጥፍና የምንለው ነገር ማለት ነው፤ ከአንድ ተራራ ብዙ ብሎክ፣ ትንሽ ፍርስራሽ። ያኔ ግን ማንም በዚህ ስም አልጠራውም፤ ነጋዴው የሚያሰላው ኪሳራውን ነበር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የአልማዝ ሽቦ ተተካ። ይኼኛው አሸዋ አይፈልግም፤ በቀናት ያልቅ የነበረው ቆረጣ በሰዓታት ያልቃል። እንግዲህ ልብ በሉ። በአንድ ብሎክ ሲሰላ ብክነቱ ቀንሷል። ነገር ግን ቆረጣው ሲረክስና ሲፈጥን ካባው በዓመት የሚወስደው ተራራ ጨመረ። በሺዎች ይቆጠሩ የነበሩት የካባ ሠራተኞችም ወደ መቶዎች ወረዱ። ቅልጥፍናው እውነት ነው፤ ተራራው ግን ከበፊቱ ፈጥኖ አለቀ። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላል የኛ ሰው።

ሁለተኛው ጉድ የመጣው ከራሱ ከፍርስራሹ ነው። እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሲፈጭ ለወረቀት፣ ለቀለም፣ ለጥርስ ሳሙና ይሆናል። ትናንት የተጣለው ክምር ዛሬ በጭነት መኪና ተጭኖ ይሸጣል። ደስ ይላል አይደል? ቆሻሻ ሀብት ሆነ! ግን ፍርስራሽ ዋጋ ሲያወጣ ፍርስራሽ ላለማብዛት የነበረው ምክንያት ይላላል። ሐውልት ሊሆን የሚችል ተራራ የጥርስ ሳሙና ቢሆንም ባለካባው አይከስርም። ብዙ የካራራ ሰዎችን የሚያንገበግባቸው ይኼ ነው።

ሦስተኛው ውሃው ነው። በመጋዝና በሽቦ ሲቆረጥ የሚወጣው ዱቄት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ነጭ ጭቃ ይሆናል፤ «ማርሜቶላ» ይሉታል። የአፑዋን ተራሮች ውስጣቸው ዋሻና ስንጥቅ ነው። ጭቃው በስንጥቁ ገብቶ በምንጭ በኩል ይወጣል፤ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው የካርዮኔ ወንዝ ወተት የመሰለበት ቀን ብዙ ነው። ደቃቁ ነገር የወንዙን አልጋ ይሞላል፣ ዝናብ ሲበረታ ደግሞ ውሃው መሄጃ ያጣል። ሴፕቴምበር 23 ቀን 2003 ካራራ ከተማ በጎርፍ ተጥለቀለቀች።

መፍትሔው በቴክኒክ ደረጃ ከባድ አይደለም። የካባው ወለል ይጠረጋል፣ የመጋዙ ውሃ በጋን ይጠራቀማል፣ ጭቃው እንዲዘቅጥ ተደርጎ ይጨመቃል፣ ውሃው ተመልሶ ወደ መጋዙ ይገባል። የተጨመቀው ደረቅ ጭቃ ለሲሚንቶና ለጡብ ሊያገለግል ይችላል፤ ከግራናይት ጭቃ ጋር ካልተደባለቀ። የአንድ ፋብሪካ ሰው ሁለቱን ለየብቻ ካስቀመጠ ጥሬ ዕቃ አለው፤ ካደባለቀ የሚጣል ቆሻሻ አለው። ልዩነቱ አንድ ግድግዳ ነው።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ዘመን ፈጀ? መልሱ ሕግ ውስጥ አለ። በ1751 የማሳና ካራራ ገዢ የነበረችው ማርያ ቴሬዛ ቺቦ ማላስፒና አንድ አዋጅ አወጣች፤ ከ20 ዓመት በላይ በግብር መዝገብ የሰፈሩ ካባዎች ለያዡ ጸኑለት። እነዚያ ይዞታዎች የግል ናቸው ወይስ የከተማው ሕዝብ? ክርክሩ ከሁለት ክፍለ ዘመን ተኩል በላይ ዘልቆ በ2016 የጣሊያን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ድረስ ደረሰ። ፍርድ ቤቱም የቶስካና ክልል በ2015 ሕጉ ይዞታዎቹን የሕዝብ ናቸው ማለት አይችልም አለ። ተራራው የማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ቀስ ብለህ ቁረጥ ብሎ ማን ማንን ያዛል?

ይኼ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ የዳሌቲ እብነ በረድ አለን፤ በየሕንፃው ደረጃ ላይ እንረግጠዋለን። ገና በጅምር ላይ ያለ አገር አንድ ዕድል አለው፦ የሌላውን ሁለት ሺህ ዓመት በነጻ ማንበብ። እኔ ከካራራ የወሰድኩት አራት ጥያቄ ነው። ከወጣው መቶ ኩንታል ስንቱ ብሎክ ሆነ? ውሃው የት ገባ? በዓመት ከዚህ በላይ አይቆረጥም የሚል ገደብ አለ ወይ? ከካባው አጠገብ የሚኖረው ሰው ድምፅ አለው ወይ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጥሩ ማሽን ይመልሳቸዋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ግን ማሽን አይመልሳቸውም፤ የካራራ ሰዎችም ዛሬ ድረስ የሚከራከሩት በእነሱ ላይ ነው።

በካባም ሆነ በእብነ በረድ መቁረጫ ቤት የምትሠሩ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጭቃውን የት ነው የምትደፉት? እስቲ ከታች ጻፉልን፣ እንማማር።