ልጅ ያነበበለት ቤት

ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ባለችው በኩታበር፣ እንደ ሌላው የወሎ ገጠር ሁሉ፣ መጽሐፍ ለብዙ ዘመን የጥቂቶች ነበር። ዳዊት የሚደግመው ቄሱ፣ ቁርኣን የሚቀራው ሼኩ ነው። የወሎ ዑለማ አማርኛን ሳይቀር በዐረብ ፊደል ይጽፉ ነበር። ደብዳቤ የመጣለት ገበሬ ግን አንባቢ ፍለጋ ይወጣል፤ የቤቱን ጉዳይ ከእሱ በፊት የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው።

የመጽሐፍ መታተም ብቻውን ይህን አልለወጠም። አቡ ሩሚ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ካይሮ ሆነው የተረጎሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው በ1840 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከዚያ መቶ ዓመት አልፎም በአብዛኛው የገበሬ ቤት የሚያነበው ሰው አልነበረም።

የቤቱን ልማድ የነካው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ከከተማ ተነሥቶ ወደ ገጠር ዘለቀ፤ ትምህርቱም ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። እናትና አባት በልጆቻቸው እኩያ ፊት ተቀምጠው ሀ ሁ ቆጠሩ። አባት ያስተምራል፣ ልጅ ይማራል የሚለው ሥርዐት ተገለበጠ።

ታሪኩ ግን ሌላ ገጽ አለው። በዚያው ወር፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በየገጠሩ ፊደል ስታስቆጥር የኖረች ናት። ሕዝቡ ሁሉ ያንብብ ያለው መንግሥት ፊደል ያስቆጠሩትን አሳደደ።

በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ፣ ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ቃሉን ማንበብ ቀጠሉ። ሲዘጋ 5 ሺህ ገደማ የነበሩት፣ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በልጠው ተገኙ። መንግሥት ፊደል አስተማረ፤ በፊደሉ ምን እንደሚነበብ የወሰነው ግን ቤተሰብ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ በብዙ ቤት አንባቢው እናንተ ናችሁ። ስልኩን ይዞ ለብቻ ማንበብ ቀላል ነው። አያታችሁ ግን ምናልባት በዘመቻው የቆጠሩትን ፊደል ረስተውት ወይም ዐይናቸው ደክሞ ይሆናል። በዘመቻው ተምረው እንደሆነ ጠይቋቸው። ምን እንዲነበብላቸው እንደሚፈልጉም ጠይቁና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው።