ፖስታ አጣፊውና ጨረቃ

ስልካችሁን ወደ ሙሉ ጨረቃ አዙራችሁ ታውቁ ይሆናል። ዓይናችሁ ያየው ሌላ፣ ስልኩ የሰጣችሁ ነጭ ነጠብጣብ። ጥቁሩን ሰማይ አይቶ «ጨለማ ነው» ብሎ ብርሃን ያበዛል፤ ጨረቃ ግን ፀሐይ ያረፈባት ድንጋይ ናት። ዋረን ዴ ላ ሩ የገጠመው ችግር የተገላቢጦሽ ነበር፤ ብርሃኑ አልበቃ አለው።

ለንደን፣ እ.ኤ.አ. 1851። በታላቁ ኤግዚቢሽን ላይ ዴ ላ ሩ ያቀረበው ፖስታ የሚያጥፍ ማሽን ነው። የቤተሰቡ ድርጅት ወረቀትና የመጫወቻ ካርታ አታሚ ነበር፤ ሰማይ የማታ ፍቅሩ ነው። እዚያው ኤግዚቢሽን ላይ፣ በሃርቫርድ ትልቅ ቴሌስኮፕ የተነሳ የጨረቃ ፎቶ አየ። ያ ፎቶ አላስቀመጠውም።

ራሱ የሠራው ቴሌስኮፕ ነበረው፤ ብርሃን የሚሰበስበው 13 ኢንች ስፋት ያለው የተወለወለ ብረት ነው። ይሄ ጠቀመው። ሌንስ ቀለማትን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አያሳርፍም፤ የዚያን ጊዜ ኬሚካል ደግሞ በይበልጥ የሚያየው ሰማያዊውን ብርሃን ስለሆነ፣ ለዓይን የጠራው ምስል ፎቶው ላይ ይደበዝዛል። የሚያንጸባርቅ ብረት ይህ ጣጣ የለበትም።

ጣጣው ሌላ ነበር። ኮሎዲየን የተቀባው መስታወት ሳይደርቅ መነሳትም መታጠብም አለበት። ጨረቃ ደግሞ አትቆምም፤ መሬት ስለምትዞር በ2 ደቂቃ ገደማ የራሷን ስፋት ያህል ትሄዳለች። አንድ ፎቶ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ይፈልጋል፤ ቴሌስኮፑን የሚያዞር ማሽን ግን የለውም። ታዲያ በ1852 ምን አደረገ? በእርጥቡ መስታወት አሻግሮ ምስሉን እያየ፣ መስታወቱን ከጨረቃ ጋር በእጁ አስኬደው። በእጁ! እኛ እኮ ስልክ ለ1 ሰከንድ ሳይንቀጠቀጥብን መያዝ ያቅተናል።

ፎቶው ወጣለት። ግን እጅ ያው እጅ ነው፤ ተወው። ለእኔ የታሪኩ ደስ የሚለው ክፍል ይሄ መተው ነው፤ ጀግንነት ብሎ አልቀጠለበትም። በ1857 ወደ ክራንፎርድ ሄዶ እንደ ሰዓት የሚሠራ ማዞሪያ እስኪገጥም ድረስ አልተመለሰበትም።

ከዚያ ወዲያ ያደረገውን ስሙ። ጨረቃ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ብቻ ታሳየናለች ይባላል፤ ልክ ነው፣ ግን ራሷን በትንሹ ትነቀንቃለች። ዴ ላ ሩ የጨረቃ ሙላት ተመሳሳይ፣ ንቅናቄዋ ግን የተለያየባቸውን ሁለት ሌሊቶች ፎቶ በስቴሪዮስኮፕ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ጠፍጣፋዋ ሳንቲም ኳስ ሆነች። እንዲህ አድርጎ በአንዴ ለማየት ሁለት ዓይኖቻችን በሺዎች ኪሎ ሜትር መራራቅ ነበረባቸው። እሱ ወራት ጠበቀ፤ ያውም በእንግሊዝ ደመና ሥር።