ስለ ፍርድ ቤትና ስለ ልጆቻችን የአእምሮ ጤና



በዚህ መጽሔት በየዓመቱ ስለ ቀብርና ስለ መዋጮ ሲጻፍ አነባለሁ። ዘንድሮ እስቲ ስለ ልጆቻችን ጥቂት ልበል ብዬ ተነሣሁ። ብዙ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ረዥም ዘመን ስለሠራሁ ሕጉ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ጥቂት አውቃለሁ።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ከአዋቂ ለየ። ዳኛው ስለ ልጁ አስተዳደግና ስለ አእምሮው ሁኔታ አዋቂ ሰዎችን እንዲጠይቅም ፈቀደ። ታዲያ በዚያው ሕግ ውስጥ ልጅን በበትር መግረፍም ነበረበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግርፋቱን ትቶ፣ የታመመውን ልጅ ወደ ሕክምና ቦታ መላክን፣ ሌላውንም በክትትል ማስተማርንና መገሠጽን ይዞ ቀጠለ።

የትዳሩም ነገር እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ሆኖም ሽማግሌን አልጣለም፤ ዳኛው ባልና ሚስቱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ሊመራቸው፣ ካልሆነም እስከ 3 ወር ድረስ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል።

በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የልጁ ጥቅም ከአባትነት መብት እንደሚቀድም ወሰነ። ልጁን ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። ለሕጻናት በተዘጋጁት ችሎቶችም የተበደለ ልጅ በዳዩን ፊት ለፊት ሳያይ፣ በሌላ ክፍል ሆኖ፣ ቃሉ በቴሌቪዥን ለችሎቱ እየተላለፈ ይመሰክራል። ይህ ሁሉ ልጁ ሁለተኛ እንዳይቆስል ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። አንድ ጊዜ እዚሁ ላምበረት ባልና ሚስት ለማስታረቅ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። የማሰቢያ ጊዜ የተሰጣቸው ናቸው። ቡናውን ጠጥተን፣ «ለልጆቻችሁ ስትሉ ቻሉት» ብለን መርቀን ወጣን። ልጃቸው በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሌሊት እየባነነ እንደሚጮኽ፣ ትምህርቱንም እንደ ተወ ኋላ ሰማሁ። ከአምስታችን አንዳችን እንኳ «አንተስ እንዴት ነህ፣ ልጄ?» አላልነውም። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዳኛ 3 ወር ይሰጣል እንጂ ያንን 3 ወር ቤት ገብቶ አይኖርላቸውም። በዚያን ጊዜ ያለነው እኛ ጎረቤቶች ነን። ስለዚህ ከኮሚቴው የምለምነው ይህን ነው። የተጣላ ቤት ስንሰማ ከሽማግሌዎቹ ጋር አንዲት አስተዋይ እናት ትጨመር፤ ልጆቹንም ለብቻቸው በፍቅር ታነጋግር። እንቅልፍ ያጣ፣ ዝም ያለ ልጅ ሲገኝ «ዐመል ነው» ሳንል ወደ ጤና ጣቢያ እናድርስ። ዱላ ያለበትን ቤት ግን «ቻሉት» ብለን አንሸፍን፤ ለሕግ እንንገር።

ጥሩምባ የምንነፋው ሰው ሲሞት ነው። በሕይወት ላለው ልጅ ግን ጥሩምባ ሳንጠብቅ እንነሣ።