ከባሕራ እስከ ሀዳ፦ የኤቢኤስ መብራት በጅዳና በመካ መንገድ

ከጅዳ መካ 80 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለዘመናት ግን ሐጃጁ ይህን መንገድ በግመል ሁለት ሌሊት ይጓዘው ነበር። ቀኑን ከፀሐይ ተሸሽጎ መሀል መንገድ ላይ ባሕራ ያርፋል፤ ሲመሽ እንደገና ይነሣል። ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1925 መጨረሻ ጅዳን ከያዙ በኋላ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሐጃጅ የሚጭኑ መኪኖች እየበዙ መጡ። እንግሊዛዊው ሴንት ጆን ፊልቢ በጅዳ የፎርድ ወኪል ሆኖ ነበር። በ1955 ደግሞ የጅዳው አብዱልለጢፍ ጀሚል የቶዮታን ወኪልነት ያዘ፤ ሂጃዝ ዛሬም በቶዮታ የተሞላው ከዚያ ወዲህ ነው።

በዚያ ዘመን ፍሬን ማለት የሾፌሩ እግር ነበር። በድንጋጤ ፔዳሉን እስከ ወለሉ የረገጠ ሰው ጎማውን ያስረዋል። የታሰረ ጎማ ደግሞ መሪ አይታዘዝም፤ መኪናው ወደጀመረበት አቅጣጫ ይንሸራተታል። በሜዳው መንገድ ሾፌሩ ይህን ቢሳሳት የሚመልስበት ቦታ ነበረው። በ1965 በንጉሥ ፈይሰል ዘመን የተመረቀው የሀዳ መንገድ ግን ከጣኢፍ ደጋ ወደ መካ ቆላ በገደል አፋፍ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። እዚያ ፍሬን ረግጦ መውረድ የፍሬን ሸራ ያቃጥላል፤ አዋቂ ሾፌር በከባድ ማርሽ ይወርዳል። ይህ ምክር ዛሬም አልተሻረም። ኤቢኤስ የሚባለው የዛሬው የፍሬን መሣሪያ ጎማ እንዳይታሰር እንጂ ፍሬን እንዳይግል አያደርግም።

ጎማ እንዳይታሰር የማድረጉ ሐሳብ ከአውሮፕላን የመጣ ነው። ደንሎፕ ‘ማክሳሬት’ የተባለውን መሣሪያ በ1950ዎቹ ለአውሮፕላን ጎማ ሠራ፤ በ1966 ጄንሰን የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ በመኪና ላይ አዋለው። መርሴዲስ ቤንዝ የኤሌክትሮኒክሱን ዓይነት በ1970 በአደባባይ አሳይቶ ነበር። ለገበያ ለማብቃት ግን ስምንት ዓመት ፈጀበት። ያዘገየው አስተማማኝነቱ ነው፤ የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ 1000 ያህል ጥቃቅን ክፍሎች ነበሩት። ቦሽ ወደ 140 ያህል ካወረደው በኋላ መሣሪያው በ1978 ከመርሴዲሱ ኤስ ክላስ ጋር ለገበያ ቀረበ።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የማደንቀው ቢጫዋን የኤቢኤስ መብራት ነው። መሐንዲሶቹ መሣሪያው አንድ ቀን መበላሸቱ እንደማይቀር አስበዋል። ስለዚህ ራሱን እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሥራውን አቁሞ የተለመደውን ፍሬን ለሾፌሩ እንዲተውና መተዉንም እንዲናገር አደረጉት። ቁልፍ ሲከፈት መብራቷ ጥቂት ሴኮንድ በርታ የምትጠፋው ለዚህ ነው። ካልጠፋችም ፍሬን ሲረገጥ መኪናው ይቆማል፤ በኃይል ሲረገጥ ግን ጎማው እንደ ድሮው ሊታሰር ይችላል። ቀዩ የፍሬን መብራትም አብሮ ከበራ ነገሩ ሌላ ነው፤ የፍሬን ዘይት ጎድሎ ወይም ፍሬኑን በፊትና በኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ማቆም ያስፈልጋል።

በጅዳ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። መብራቷ ስትበራ ብዙ ባለመኪና ውድ የሆነውን የኤቢኤስ ፓምፕና ኮምፒውተር ከተሽሊሕ፣ ከአሮጌ መኪና ማራገፊያው፣ ገዝቶ ያስቀይራል። የከተማዋ አየር የሚጎዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ሥር ያለውን፣ የጎማውን ዙር የሚያነበውን ሴንሰር ነው። የቀይ ባሕር ጨዋማ እርጥበት የሴንሰሩን ሶኬት ያዝጋል፤ ሙቀቱ የሽቦውን ልባስ ያደርቃል፤ ከፍሬኑ የሚረግፈው የብረት ብናኝ በሴንሰሩ ማግኔት ላይ ይከማቻል። ኖቬምበር 25 ቀን 2009 ጅዳን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ከ100 በላይ ሰው ገድሎ እጅግ ብዙ መኪና አስምጧል። ውሃ የገባበት ሶኬት ወዲያው ሳይሆን ከወራት በኋላም ሊዝግ ስለሚችል፣ ጎርፍ የነካው መኪና ደርቆ ሲነዳ ደህና ይመስላል።

ስለዚህ ምርመራው ከፓምፑ አይጀምር። መጀመሪያ ባትሪውና ፊውዙ ይታያል፤ ከዚያ ኮዱ ይነበባል። በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች የኮድ ማንበቢያ ማሽን ባይኖርም ይቻላል፦ ቁልፉ ተዘግቶ ከመሪው በታች ባለው ሶኬት 4ኛውና 13ኛው ቀዳዳ በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ፤ ቁልፉ ሲከፈት መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች ቁጥር ትናገራለች። ሦስት ጊዜ ብልጭ ብላ፣ ዕረፍት አድርጋ፣ አንድ ጊዜ ከደገመች 31 ነው፤ የፊት ቀኝ ሴንሰር። 32 የፊት ግራ ነው። 41 ከሆነ የባትሪው ኃይል ላይ ችግር አለ። ያለ እረፍት እኩል ብልጭ ድርግም ካለች የተመዘገበ ጉድለት የለም።

ኮዱ ጎማውን ይጠቁማል እንጂ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። መኪናው ተነሥቶ ኩሽኔታው ይነቅነቅ፤ ሴንሰሩ የሚያነበው ጥርሳም ቀለበት መሰንጠቁና መዛጉ ይታይ፤ መሪ ሲዞር ሽቦው የሚታጠፍበት ቦታ በጣት ይዳሰስ። የድሮው ባለጥቅል ሽቦ ሴንሰር ከሆነ የግራውና የቀኙ ኦም ይወዳደር። ብዙ ጊዜ ሶኬቱን ማጽዳትና ብናኙን መጥረግ ይበቃል። እኔ ሴንሰር ሳይፈታ ፓምፕ ቀይር የሚል ጋራዥ አላምንም።

ከሁሉ የከፋው መብራቷን ማፈን ነው። አምፖሉን የሚነቅሉ፣ ሽቦዋን ከሌላ መብራት ጋር አገናኝተው አብራ እንድትጠፋ የሚያደርጉ አሉ። በሳዑዲ ‘ፈሕስ’ በሚባለው የመኪና ምርመራ ላይ ፍሬን የሚፈተነው በዝግታ በሚሽከረከር ሮለር ነው፤ በዚያ ፍጥነት ኤቢኤስ አይሠራም። ስለዚህ መበላሸቱን የሚያሳየው መብራቷ ብቻ ነው፤ የታፈነች ከሆነ ማንም ሳያውቅ ያልፋል።

በሰው ቤት ሾፌር ሆናችሁ በጅዳና በመካ የምትሠሩ ወገኖች፣ አደጋ ሲደርስ መሪው የነበረው በእናንተ እጅ ነውና ይህን ልብ በሉ። ቁልፍ ስትከፍቱ መብራቷ በርታ መጥፋቷን ተመልከቱ። ጨርሶ ካልበራች፣ ወይም ከሌላ መብራት ጋር እኩል ከጠፋች፣ ነካክተዋታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ካልጠፋች ለመኪናው ባለቤት ፎቶ አንሥታችሁ በጽሑፍ አሳውቁ፤ እስኪሠራም ድረስ ሀዳን በዚያ መኪና አትውረዱ።