የጨዋታ ሕግ ጸሐፊ፤ የቶማስ ዊልስ ታሪክ

ታሪክ ማለት የነገሥታትና የጦር አለቆች ወሬ ብቻ የሚመስለው ሰው፥ ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች ብዕር ማንሣትን እንደ ዋዛ ይቈጥረው ይሆናል። ይሁን እንጂ ከየአገሩ ተጠራቅሞ የመጣ ሕዝብ በአንድ ሕግ ማደርን የሚለምደው በሸንጎም በጨዋታ ሜዳም ነው። የአውስትራሊያን እግር ኳስ ሕግ ከጻፉት ሰዎች አንዱ የሆነው የቶማስ ዊልስ ሕይወት ለዚህ ምስክር ስለሆነ፥ ባጭሩ እናቀርበዋለን። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ይህ ጨዋታ እኛ ከለመድነው እግር ኳስ የተለየ ነው። ዛሬ በየወገኑ 18 ተጫዋቾች ሞላላ በሆነ ሰፊ ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ። ኳስዋም ሞላላ ናት፤ በእጅ መያዝ፥ መሬት ላይ እያነጠሩ ይዞ መሮጥና በጡጫ መትቶ ማቀበል የተፈቀደ ነው። ጎል የሚሆነው ግን በእግር ተመትታ በሁለቱ ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል ስታልፍ ነው።

ቶማስ ዊልስ በ1835 ዓ.ም. በኒው ሳውዝ ዌልስ ተወለደ። አያቱ ተፈርዶበት ከእንግሊዝ አገር ወደ አውስትራሊያ የተጋዘ እስረኛ ነበር፤ አባቱ ሆሬሺዮ ዊልስ ግን በግ በማርባት የከበረ ባለጸጋ ሆነ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ቪክቶሪያ ምዕራብ ተሻግሮ ጃብ ዉሩንግ በሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ምድር ላይ ሰፈረ። ቶማስም ከነሱ ልጆች ጋራ ሲጫወት አድጎ ቋንቋቸውንና ዘፈናቸውን ለመደ።

በ1850 ዓ.ም. አባቱ ራግቢ ወደሚባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ላከው። ቶማስ ከመጽሐፍ ይልቅ ለሜዳ ያደረ ተማሪ ነበረና፥ በዱላ እየተመታ በሚደረገው የክሪኬት ጨዋታ የትምህርት ቤቱ ቡድን አለቃ እስከ መሆን ደረሰ። በ1856 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አገሩ ሲመለስ፥ የሜልቦርን ከተማ በወርቅ ፍለጋ በመጡ ሰዎች ተጥለቅልቃ አገኛት።

ክሪኬት የበጋ ጨዋታ ስለሆነ ተጫዋቾቹ ክረምቱን በስንፍና ያሳልፉት ነበር። ስለዚህ ቶማስ በሐምሌ 10 ቀን 1858 ዓ.ም. በአንድ ጋዜጣ ባወጣው ደብዳቤ፥ የእግር ኳስ ማኅበር እንዲቋቋምና ሕጉን የሚያዘጋጅ ኮሚቴ እንዲመረጥ፥ ይህ ባይቻል እንኳ የተኩስ ማኅበር እንዲመሠረት አሳሰበ። በነሐሴ 7 ቀን ሁለት የከተማዪቱ ትምህርት ቤቶች በየወገኑ 40 ልጆች አሰልፈው ሲገጥሙ፥ ከዳኞቹ አንዱ እርሱ ነበር። ግጥሚያው በአንድ ቀን ስላላለቀ በሦስት ቅዳሜዎች ተካሄደ፤ ያም ሆኖ አንድ ለአንድ ተለያዩ።

ትልቁ ችግር ከእንግሊዝ አገር የመጣው ሁሉ የየራሱን ትምህርት ቤት ልማድ እንደ ሕግ መቍጠሩ ነበር። በግንቦት 17 ቀን 1859 ዓ.ም. ቶማስ ዊልስ፥ ዊሊያም ሐመርስሌይ፥ ጄምስ ቶምሰንና ቶማስ ስሚዝ ሌሎችም ተሰብስበው አሥር አንቀጾች ጻፉ። ቶማስ የራግቢን ልማድ ይወድ ነበር፤ ባልንጀሮቹ ግን በደረቁ የአውስትራሊያ መሬት ላይ፥ በማግሥቱ ሥራ ለሚገባ ጐልማሳ ያ ጨዋታ እንደማይስማማ ተከራከሩት። ስለዚህ የባላጋራን ቅልጥም መርገጥ ተከለከለ፤ ሕጉም ማንም በቀላሉ እንዲያውቀው አጠር ተደርጎ ተጻፈ። ይህ የሆነው በለንደን የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሕጉን ከማውጣቱ 4 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ተወላጆቹ ማርንግሩክ የሚሉት የራሳቸው የኳስ ጨዋታ ስለ ነበራቸው፥ ቶማስ ከዚያ ቀስሟል የሚሉ አሉ፤ ማስረጃ የለም ብለው የሚቃወሙም አሉ።

በ1861 ዓ.ም. ቶማስ ከአባቱ ጋራ አዲስ የግጦሽ መሬት ለመያዝ ወደ ኩዊንስላንድ ሄደ። በጥቅምት 17 ቀን እርሱ ስንቅ ለማምጣት በሄደበት ጊዜ፥ ተወላጆች ሰፈሩን ወርረው አባቱን ጨምሮ 19 ሰዎች ገደሉ። ይህም ቀደም ሲል ነጮች በተወላጆቹ ላይ ላደረሱት ግድያ የተመለሰ በቀል እንደ ነበረ ብዙ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ነጮቹም ብድር ለመመለስ ዘምተው እጅግ ብዙ ሰው ፈጁ፤ ቶማስ በዚህ ውስጥ እጁ ይኑርበት አይኑርበት የታሪክ ሰዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከዚያ ወዲህ 5 ዓመት ብቻ ቈይቶ ይኸው ሰው በምዕራብ ቪክቶሪያ የተወላጆችን የክሪኬት ቡድን ያሠለጥን ጀመር። በታኅሣሥ 26 ቀን 1866 ዓ.ም. አለቃቸው ሆኖ በሜልቦርን ሜዳ ሲሰለፍ፥ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተመለከተው። አባቱን ያጣበት ደም ሳይደርቅ ከተወላጆች ጋራ በአንድ ወገን ቆመ። በ1868 ዓ.ም. የተወላጆች ቡድን ወደ እንግሊዝ አገር ሲሻገር ግን የመራው ቻርልስ ሎረንስ ነበር፤ ቶማስ አብሮ አልሄደም።

ቶማስ ለሜልቦርንና ለጂሎንግ እግር ኳስ ሲጫወት ብዙ ዓመታት አሳለፈ። ከሜዳ ሲርቅ ግን ቀድሞ የጀመረው መጠጥ ፈጽሞ አሸነፈው፤ በግንቦት 2 ቀን 1880 ዓ.ም. አእምሮው ታውኮ በ44 ዓመቱ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። መቃብሩም እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ፥ ማለት 100 ዓመት ሙሉ፥ ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም።

ለሌላው ገደብ የጻፈ ሰው ለራሱ ገደብ ማበጀት አቃተው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኛ ግን የሚበልጠው ትምህርት ሌላ ይመስለናል። ከአሥሩ አንቀጾች አንዳንዶቹ ቶማስ ከወደደው ልማድ ውጭ ነበሩ፤ ነገር ግን በምክር የወጣውን ሕግ ተቀብሎ በዚያው ተጫወተ። ጨዋታውም ከጸሐፊዎቹ ዕድሜ ያለፈው የማንም የብቻ ንብረት ሳይሆን የጋራ ሆኖ ስለ ተጻፈ ነው። ሰውየውን ስናስታውስም ድንጋዩ ላይ የሚጻፈውን ምስጋና ብቻ መርጠን ብንይዝ፥ የኩዊንስላንድን ሙታን ሁሉ፥ ነጩንም ተወላጁንም፥ እንደ ገና እንቀብራቸዋለን። የታሪክ ጸሐፊ ዕዳ ሁሉንም በአንድ መዝገብ ማስፈር ነው።