የነርቭ ፀረ እንግዳ አካላት የደም ምርመራ

የሰውነት መከላከያ ሥርዓት አንዳንድ ጊዜ ይስትና የራሱን ነርቭ፣ ወይም ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ ያጠቃል። ለዚህ ጥቃት የሚያመነጫቸውን ፕሮቲኖች ከደም ውስጥ የሚፈልገው ምርመራ የነርቭ ፀረ እንግዳ አካላት ምርመራ ይባላል። ምርመራው አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙ የበሽተኛውን ምልክት አይቶ የሚፈልገውን ለይቶ ያዛል።

ይበልጥ የሚታመነው የማያስቴኒያ ግራቪስ ምርመራ ነው። በዚህ ሕመም የዓይን ቆብ ይወርዳል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ማኘክና መዋጥ ያደክማል፤ ጠዋት የቀለለው ወደ ማታ ይብሳል። ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን በተባለ ኬሚካል ሲሆን፣ ፀረ እንግዳ አካሉ የሚያጠቃው ጡንቻው ላይ ያለውን የኬሚካሉን ተቀባይ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ለሕክምና የበቃው ዘዴ ተቀባዩን የሚለየው ቡንጋሮቶክሲን በተባለ የእባብ መርዝ ነው። መርዙ በጨረር አመንጪ አዮዲን ምልክት ተደርጎበት ተቀባዩ ላይ ይጣበቃል፤ ከበሽተኛው ደም የተለየው ሴረም ሲጨመርበት ፀረ እንግዳ አካሉ ካለ ተቀባዩን ይዞ ይወርዳልና መጠኑ ይለካል። ሕመሙ መላ ሰውነትን ከያዘባቸው 85 በመቶ ያህሉ ላይ ይገኛል፤ ዓይን ላይ ብቻ ከሆነ ግን ግማሽ ያህሉ ላይ ነው። ስለዚህ «የለም» የሚል ውጤት በሽታው የለም ማለት አይደለም። ከቀሩት ውስጥ የተወሰኑት በ2001 እ.ኤ.አ. የታወቀው፣ መስክ (MuSK) የተባለውን የጡንቻ ፕሮቲን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ይገኝባቸዋል።

በጊላን ባሬ ሕመም ነገሩ ሌላ ነው። ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ ድክመት ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ካምፒሎባክተር የተባለው የተቅማጥ ባክቴሪያ ሽፋን ነርቭ ላይ ያሉትን ጋንግሊዮሳይድ የተባሉ ሞለኪውሎች ስለሚመስል፣ ለባክቴሪያው የተዘጋጀው ጦር ነርቩን ይወጋል። ከእነዚህ አንዱን፣ ጂኤም1 የተባለውን፣ የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ሊገኝ ይችላል፤ ሕክምናው ግን ይህን ውጤት መጠበቅ የለበትም።

በሰሜን ወሎ፣ ከወልድያ በስተደቡብ በደሴ መንገድ ላይ ባለችው መርሳም ሆነ በሀብሩ ገጠር፣ የሕፃን እግር ድንገት ሲዝል በቅድሚያ የሚመጣው ጥያቄ የፖሊዮ ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ከሆነ ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰድና በቅዝቃዜ ተጠብቆ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። ፖሊዮ ካልሆነ ከሚታሰቡት ዋነኛው ጊላን ባሬ ነው። ለነርቭ ፀረ እንግዳ አካላት ግን እንዲህ ያለ የተዘረጋ መንገድ የለም። በአገራችን ምርመራው እንደ ልብ ስለማይገኝ ናሙናው ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ይላካል፤ ክፍያውም የሚወድቀው ቤተሰቡ ላይ ነው። ይህ ሊስተካከል የሚገባው ጉድለት ነው።

ወሎ ውስጥ እግርን ሽባ የሚያደርገው ጓያም መረሳት የለበትም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደላንታና ዳውንት ላይ ብዙ ሰው እግሩ ሽባ የሆነው በዚሁ እህል መርዝ ነበር። የመዶሻ ምት ብዙውን ይለያል፦ ጉልበት ሲመታ የጓያ በሽተኛ እግር ከልክ በላይ ይፈናጠራል፣ የጊላን ባሬው ዝም ይላል። ለጓያ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው።

ለፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ደሙ መቀዳት ያለበት ለሕክምና ኢሚዩኖግሎቡሊን ከመሰጠቱ ወይም ፕላዝማ ከመቀየሩ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ውጤቱ ይዛባል። ውጤቱ እስኪመጣም ሐኪሙ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። በጓንት የታሰረ በረዶ የወረደው የዓይን ቆብ ላይ ለ2 ደቂቃ ሲያዝ ቆቡ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ የማያስቴኒያን ጥርጣሬ ያጠናክራል። በሽተኛው በአንድ ትንፋሽ እስከ 20 መቁጠር ካቃተው የመተንፈሻ ጡንቻው እየዛለ ሊሆን ስለሚችል ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ አለበት። ወባ ባለበት ቆላ ደግሞ ማያስቴኒያ ለተጠረጠረበት ሰው ኩዊኒን አይሰጥም፤ ክሎሮኪንና ጄንታማይሲንም ሕመሙን ሊያብሱ ይችላሉ። ነፍሰ ጡር ከደም ግፊት የተነሣ እንዳትንቀጠቀጥ የሚወጋው ማግኒዥየምም እንደዚሁ ስለሆነ፣ ጥርጣሬው በሪፈር ወረቀቱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።