የእጅና የክንድ ተሃድሶ ሕክምና በብቸናና በሞጣ

የእጅና የክንድ ተሃድሶ ሕክምና ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ያለው አካል ሲጎዳ ወይም ሲታመም የጠፋውን እንቅስቃሴ፣ ጉልበትና የመዳሰስ አቅም መልሶ የማምጣት ሥራ ነው። አጥንቱ ገጥሞ፣ ቁስሉም ደርቆ ጣቱ አልዘረጋ ወይም አልጨበጥ ያለው ሰው ገና አልዳነም። በምሥራቅ ጎጃም አብዛኛው ሰው የሚያርሰውም የሚያጭደውም በእጁ ነውና ይህ ቀሪ ሕክምና ከመጀመሪያው ሕክምና የሚያንስ አይደለም።

የእነማይ ወረዳ ከተማ ብቸናና የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ከተማ ሞጣ ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ይገኛሉ። አገሩ የጤፍ አገር ነው። የእጅ ጉዳቱም የሥራውን መልክ ይከተላል፤ በመኸር ማጭድ፣ በወፍጮ ቤት ቀበቶ፣ በከተማ ባጃጅ፣ በቤት ውስጥ ደግሞ እሳት። ከዛፍ ወይም ከበቅሎ የወደቀ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከክርኑ በላይ ነው።

የማጭድ ቁስል

አጫጁ አገዳውን በግራ እጁ ጨብጦ በቀኙ ማጭዱን ይስባል። ማጭዱ ሲያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የግራ እጁን ትንሿን ጣት ወይም የቀለበት ጣቱን ነው። ቁስሉ ትንሽ ይመስላል፤ ሁለት ሦስት ስፌት ይበቃዋል ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን እያንዳንዱን ጣት (ከአውራ ጣት በቀር) የሚያጥፉት ሁለት ጅማቶች ናቸው፤ ጥልቁ ከተቆረጠ የጣቱ ጫፍ ብቻውን መታጠፍ ያቅተዋል። ስለዚህ ቁስል የሚሰፋ ባለሙያ ሁሉ የጣቱን መካከለኛ አንጓ ይዞ «ጫፉን እጠፍ» ብሎ መፈተን ይገባዋል። ይህ ፈተና ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም፤ ሲዘለል ግን ጣት ያሳጣል።

የተቆረጠ ጅማት ቢቻል በቀናት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ቢሰፋ ይመረጣል። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የተሰፋ ጅማት ዝም ብሎ ከተቀመጠ ከዙሪያው ሥጋ ጋር ይጣበቃል፤ ያለ ልክ ከተጎተተ ደግሞ ይበጠሳል። ሐኪሙ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ከእጁ ጀርባ ድጋፍ አስሮ ጣቶቹ ትንሽ እንደታጠፉ ያኖራቸዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥም በሌላኛው እጅ እየታገዙ በቀስታ እንዲታጠፉና ድጋፉ እስከፈቀደላቸው እንዲዘረጉ ያደርጋል። ድጋፉ ስድስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከባድ ሥራ የሚፈቀደው ከ12 ሳምንት በኋላ ነው። በኅዳር የተቆረጠ አጫጅ እስከ የካቲት ድረስ ከአጨዳም ከውቂያም ይቀራል ማለት ነው። ወንፈል የሚገባለት ዘመድና ጎረቤት ከሌለው ድጋፉን በሦስተኛው ሳምንት ፈትቶ ወደ ሥራው ቢመለስ አይፈረድበትም፤ ሕክምናውን የሚያቅድ ባለሙያ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጠይቆ ማወቅ አለበት።

ወጌሻና ጥብቅ እስራት

ስብራትና ውልቃት በቅድሚያ የሚታየው ብዙ ጊዜ በወጌሻ ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ዋጋው ይቀላል፣ ቤተሰቡንም ያውቃል፤ ወለምታንና ውልቃትን በሚገባ የሚመልሱ ወጌሾችም አሉ። አደጋው ያለው ገና እያበጠ ባለ ስብራት ላይ ቀርቀሃ ወይም ሸንበቆ ደርድሮ በጨርቅ አጥብቆ ማሰሩ ላይ ነው። ክንዱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያብጣል፤ እስራቱ ግን አይሰፋም። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ መሞት ይጀምራል። ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. የገለጸው የእጅ መኮማተር መነሻው ይኸው ነው፤ የእጅ አንጓው ይታጠፋል፣ ጣቶቹ እንደ ጥፍር ይቆለመማሉ። የባሰ ሲሆን እጁ ይጠቁርና ይቆረጣል። በሆስፒታል የታሰረ ጄሶም ከጠበቀ ይህንኑ ያደርጋል።

ምልክቶቹን እናትም አባትም ሊያውቋቸው ይገባል፤ እያደር የሚብስ ሕመም፣ የጣቶች መገርጣት፣ መቀዝቀዝና መደንዘዝ፣ ጣቶቹን ሲዘረጉለት ልጁ መጮሁ። ያን ጊዜ እስራቱ ወዲያው ይፈታል፣ ልጁም በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይደርሳል፤ እስኪነጋ መጠበቅ እጁን ያሳጣዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ለወጌሾች በተሰጠ አጭር ሥልጠና በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ እጆችና እግሮች መቀነሳቸውን አሳይቷል። ወጌሻን ማውገዝ ሕመምተኛውን ከመደበቅ ያለፈ ውጤት የለውም፤ ማሠልጠን ግን እጅ ያድናል።

የሥጋ ደዌ

በኢትዮጵያ የእጅ ተሃድሶ ሙያ ሥር የያዘው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በሽታው ክርን ላይ የሚያልፈውን ነርቭ ሲጎዳ የቀለበትና ትንሿ ጣት ይቆለመማሉ፣ እጁም መዳሰስ ያቆማል። ምጣድ ላይ እጇ ሲቃጠል የማይሰማት ሴት ቁስሉን የምታየው በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ፣ ቬሎር ላይ፣ ጤነኛ ጅማት አዛውሮ የተቆለመመ እጅ ማቅናትን አስፋፋ። በአዲስ አበባ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ይህንኑ ቀዶ ሕክምናና ተከታዩን የእጅ ልምምድ ለአፍሪካ ሐኪሞችና ባለሙያዎች ያስተምር ነበር። ኢትዮጵያ ዛሬም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዳዲስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ትመዘግባለች። መድኃኒቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ነርቩ ከተጎዳ ስድስት ወር ሳያልፈው ለመጣ ሰው ደግሞ የመዳን ተስፋው ሰፊ ነው። የቤት እንክብካቤው ቀላል ነው፤ እጅን በየቀኑ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ ቅባት መቀባት፣ ጣቶቹን በጭን ላይ እየዘረጉ ማፍታታት፣ ትኩስ ድስት በጨርቅ መያዝ።

ሕክምናው የሚገኝበት

ሞጣ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ብቸና ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት። ከእነዚህ አቅም በላይ የሆነው ሕመምተኛ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ወደሚገኙት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ይላካል፤ የአካል ድጋፍ የሚሠራ የተሃድሶ ማዕከልም በባሕር ዳር አለ። ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር የጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በቅርብ ዓመታትም ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ከፍቷል። ይህ ሙያ ሕመምተኛው ልብሱን እንዲቆልፍ፣ እንጀራ እንዲቆርስ፣ መሣሪያውን እንዲይዝ የሚያስችል ነውና ለእጅ ጉዳት በጣም ቅርብ ነው።

ችግሩ ምልልሱ ነው። የእጅ ተሃድሶ በሳምንት አንዴ ሁለቴ፣ ለሁለትና ለሦስት ወር መመላለስ ይጠይቃል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ደግሞ መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል። ስለዚህ ወደ ቤት የሚላክ ሕመምተኛ ልምምዱን በቃል ብቻ ሰምቶ መሄድ የለበትም። ባለሙያው ፊት እሱም አስታማሚውም ደጋግመው ሠርተው ማሳየት፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሠራና ሲያብጥ ወይም ሲያም የት ላይ ማቆም እንዳለበት በአማርኛ የተጻፈና በሥዕል የተደገፈ ወረቀት ይዘው መውጣት አለባቸው።